እግር አለ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ልጅሽስ ደህና ናት ወይ? ከመቀመጥ ብዛት የወጣባት ቁስል ደረቀላት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው፤ ወደ ታች ወርደሽ ስታነቢ ውሸታም እንዳትዪኝ ከወዲሁ ልንገርሽ።

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዓመት አንዴ፣ ያውም ከግማሽ ገጽ ሳታሳልፊ ስትጽፊልኝ ኖረሽ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት! ስልክ እንደማታነሺልኝ አውቃለሁ። ድምፅህን መስማት አልችልም፣ ፊደልህን ግን እችላለሁ ያልሽኝን አልረሳሁም። ይኸው ፊደሌ። ዛሬም አስቀያሚ ነው፤ አርጩሜሽ አላቀናውም።

መልስ ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። ይህ ነገር በሕክምና ምን ይባላል ብለሽ ጠይቀሻል፤ ሦስቴም ከሥሩ አስምረሽበታል። እኔ የማላውቀውን ነገር ስም ለጥፌበት የምሸኝ ሰው አይደለሁም። እንደዚያ የሚያደርጉ ሐኪሞች ሞልተዋል፤ እነሱን ጠይቂ ልልሽ ነበር። ከዚያ ግን ስሙን ባላውቀውም ነገሩን ከማንም በላይ እንደማውቀው ገባኝ።

አስቀድሜ ልቆጣሽ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ቀኑን አስተካክለሽ ጽፈሽ ሰዓቱን ‹‹አራት ተኩል ገደማ›› ትያለሽ። ገደማ የሚባል ሰዓት የለም። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ራስሽ ነሽ። በሁለተኛው ደብዳቤሽ ግን ‹‹ገደማ›› ጠፍቷል። አራት ሰዓት ከሠላሳ ይላል፣ ልክ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ሰቅለሽ፣ ወንበር ስበሽ፣ ልጅሽን እያየሽ እንደምትጠብቂ ገባኝ። እኛም እዚህ እየጠበቅን ነበር፣ እታለም።

ሥራዬን አይተሽው አታውቂም። ጎረቤቶችሽ ወንድምሽ ምን ይሠራል ሲሉሽ ልጆች ያቃናል ትያቸው ነበር፤ ከዚያ የተሻለ መግለጫ ሰምቼ አላውቅም። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰዎች ይህን ሥራ በርኅራኄ የመረጥኩት ይመስላቸዋል። የመረጥኩት ለስህተት ቦታ ስለሌለው ነው፤ እንደ እኔ ላለ ነዝናዛ የተፈጠረ ሥራ ነው። መምህሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢላ አላስያዘኝም፤ የጀርባ አጥንት አንጓ አስቆጠረኝ። ዓይኔን አስጨፍኖ በጣቴ ከአንገት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ አንገት። ሁለቱ ቆጠራ ካልገጠመ ቤትህ ሂድ ይለኝ ነበር። ሄጄ አውቃለሁ።

ልጁ በሆዱ ይተኛል። ጀርባው ይከፈታል። በየአንጓው ግራና ቀኝ እንደ እርሳስ የወፈረ ብሎን እናስገባለን፤ ከዚያ በብሎኖቹ ራስ ላይ ረጅም ዘንግ አሳልፈን፣ አንድ በአንድ እያጠበቅን የተጣመመውን ወደ ቀጥታው እንመልሳለን። ከብሎኑ በጥፍር ውፍረት ርቀት ላይ ህብለ ሰረሰሩ አለ። የትንሽ ጣትሽን ያህል ነው፤ ልጁ ወደፊት የሚሮጠው ሩጫ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ተኝቶ ያለ ልጅ እግሬ ደነዘዘ ብሎ አይነግርሽም። ስለዚህ በራሱና በእግሮቹ ላይ ቀጫጭን መርፌዎች ይተከላሉ፤ መሣሪያው ከራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ እግር ጋ ከደረሰ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይዘላል። ለግራ አንድ መስመር፣ ለቀኝ አንድ መስመር።

በእኔ ክፍል አንድ ልማድ አለ። እያንዳንዷን ብሎን ከማጥበቄ በፊት ‹‹እግር?›› ብዬ እጠይቃለሁ። መሣሪያው ላይ የተቀመጠው ሰው ‹‹አለ›› ብሎ ይመልሳል። አለ ካልተባለ እጄ አይንቀሳቀስም። ሙዚቃ የለም፣ ወሬ የለም። እግር? አለ። እግር? አለ። በሃያ ስድስት ዓመት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ሰው ሰላም ሲለኝ አንዳንዴ አለ ብዬ ልመልስ እቃጣለሁ።

መሣሪያው ላይ ለብዙ ዓመት የተቀመጠችው ጆሮ የምንላት ሴት ናት። ጆሮ ያልናት ስክሪኑን ሳታይ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ፣ ከመሣሪያው ድምፅ ብቻ የትኛው ጣት እንደተንቀሳቀሰ ትናገር ስለነበር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሥራውን ለቀቀች። አሁን በቦታዋ አንድ ጠንቃቃ ወጣት አለ።

ስለ ራሴ ጀርባም ልንገርሽ፣ ስቀሽ እንድትቀጥዪ። ሃያ ስድስት ዓመት ከራጅ ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ ታጥቄ አጎንብሼ፣ መሃል ጀርባዬ ላይ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ህብለ ሰረሰሬን ተጭኖታል። የሰው ልጅ ሲያቀና የራሱ ጎበጠ ይላሉ ነርሶቹ ከኋላዬ፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። የሥራ ባልደረባዬ ሳይብስብህ ተቀደድ እያለ ሁለት ዓመት ጨቀጨቀኝ። ግራ እግሬ ደረጃ ላይ ይጋጫል። ያ ጀልባ እግሬ! በአሥር ዓመቴ የአባታችንን አርባ ሦስት ቁጥር ጫማ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀሽ አጥልቀሽልኝ፣ ስራመድ ጀልባ ጀልባ ብለሽ ሰፈሩን ሁሉ ያሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? ሳለቅስ ደግሞ ዝም በል፣ ታድግበታለህ አልሽኝ። አደግሁበት። ዛሬም አርባ ሦስት ነው የማደርገው።

አሁን ወደ ነገሩ።

የዛሬ ሦስት ወር፣ ሐሙስ ዕለት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጀርባ ከፍተን ነበር። የምቀድደው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ዘጠነኛው አንጓ ላይ፣ በግራ በኩል ደርሻለሁ። እግር? አልኩ። ወጣቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ቀና ብዬ አየሁት። ዶክተር፣ ግራ እግር የለም አለኝ። መስመሩ እንደ ውሃ ወለል ተኝቷል። ወዲያው ዘንጉን አላላሁ፤ የሰመመን ሐኪሙ የደም ግፊቷን ከፍ አደረገ። በአርባ ሰከንድ መስመሩ ተመለሰ። ልጅቱ ስትነቃ ሁለቱንም እግሯን አወራጨች። ይህ ያጋጥማል፤ መሣሪያው ያለው ለዚህ ነው። ሰዓቱን በመዝገብ ላይ ጻፍኩ፦ አራት ሰዓት ከሠላሳ።

ማክሰኞ በሌላ ልጅ ላይ ደገመ። ግራ እግር፣ አርባ ሰከንድ፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ። ሐሙስም። ሽቦ አስቀየርኩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ግድግዳውን አስበረበርኩ። የመሣሪያውን ወኪል ሰደብኩት፤ ምስኪኑ አዲስ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ አዲሱም ያንኑ አደረገ። አንድ ቀን ዘጠነኛውን አንጓ ገና ሳልነካ ሰዓቱ ሲቃረብ ሁለት እጄን ከቁስሉ አውጥቼ ወደ ላይ አንሥቼ ቆምኩ። አራት ተኩል ሲል መስመሩ ተኛ። የተኛችውን ልጅ ማንም አልነካትም ነበር፣ እታለም። ማንም።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ተለወጠ። አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ሲሆን ወሬ በራሱ ይቆማል። ነርሷ ጨርቅ መቁጠሯን ትተዋለች። የሰመመን ሐኪሙ ቀልደኛ ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንግዳችን ሊመጣ ነው፣ ወንበር አቅርቡ አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም። በማግስቱ ፈረቃውን ቀየረ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚያ ሰሞን ነው። የልጅሽ ግራ እግር አንዳንድ ቀን ረፋድ ላይ ለአፍታ ይንቀሳቀሳል ትያለሽ። ቀኖቹን ከደብተርሽ ገልብጠሽ ዘርዝረሽልኛል። ደብዳቤውን ከቀዶ ሕክምናው መዝገብ ጎን አስቀምጬ በጣቴ ወረድኩ፣ መምህሬ እንዳስተማረኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ሁሉም ገጠመ። ውሃ ጠፍቶ ሳንሠራ የዋልንበት አንድ ሐሙስ ነበር። አንቺ በዚያ ቀን አንጻር፣ ‹‹ምንም የለም፤ ቀኑን ሙሉ እግሯን ስታይ ዋለች›› ብለሻል።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ የጻፍሽው ደግሞ አለ። እንዴት ይሰማሻል ብለሽ ብትጠይቂያት፣ እማዬ፣ እግሬ መጣ፣ ግን የእኔ አይመስለኝም፣ የትንሽ ልጅ ጫማ እንዳጠለቅሁ ነው፣ ይጠበኛል አለችሽ። አንቺ ይህን የጻፍሽልኝ እንድስቅ ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

ስለዚያ ቀን፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለሆነው፣ አንድም ጊዜ ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ እነግርሻለሁ፤ አታቋርጪኝም፣ ደብዳቤ ነው።

ዘመድ ዘመዱን አይቀድድም። ይህ በሙያችን ውስጥ ያለ ደንብ ነው፤ እኔ ደግሞ ደንብ ወዳድ ነኝ። ልጄን አቃናልኝ ስትዪኝ ሁለቴ እምቢ አልኩሽ። ሦስተኛው ላይ ቢሮዬ መጥተሽ ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ተቀመጥሽ። ለሰው ልጅ የማይንቀጠቀጥ እጅህ ለእኔ ልጅ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው? አልሽኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም እናደድብሻለሁ። ለምን እንደዚያ አልሽኝ? እጄ መቼ ተንቀጠቀጠ? ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅሽ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትሮጥ ነበር።

ከዚያ ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ ጆሮ ሦስት ጊዜ ‹‹የለም›› ብላ ሥራ አስቁማን ነበር። ሦስቱም ጊዜ የላላ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ተቆጣሁ። በራሴ እጅ ደንብ ጽፌ ከመሣሪያው በላይ ለጠፍኩት፦ ‹‹ሽቦዎቹ ሁለት ጊዜ ሳይታዩ የለም አይባልም።›› ጥሩ ደንብ ነው ብዬ ነበር። ሌሎች ሆስፒታሎችም ገልብጠው ወሰዱት።

ልጅሽ ተኝታለች። ዘጠነኛው አንጓ፣ ግራ። እግር? አልኩ። ጆሮ የለም አለች። ደንቡን አንብቢ አልኳት። ዶክተር፣ ሽቦ አይደለም፣ እግር ነው፣ የለም አለች። ሽቦሽን እይ አልኳት። ጮክ ብዬ አልነበረም፤ እኔ ስቆጣ ድምፄ እንደሚቀንስ ታውቂያለሽ። ጨርቁ ሥር ገብታ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። አራት ደቂቃ ፈጀባት። እኔ በዚያ አራት ደቂቃ ውስጥ እጄን አጣጥፌ አልጠበቅሁም። ሦስት ብሎን አጠበቅሁ። አለ ሳይባል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእህቴ ልጅ ላይ።

ወጥታ ሽቦው ደህና ነው፣ አሁን ሁለቱም እግሮች የሉም አለችኝ። ሁሉንም ፈታሁት። መስመሮቹ አልተነሡም።

ኮሪደሩ ላይ መጣሁልሽ። የደም ሥር ነው፣ ደም አጥሮት ነው፣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር አልኩሽ። አልጮኽሽም። አንተም? አልሽኝ። እኔም አልኩሽ።

በመዝገቡ ላይ እግር የጠፋው አራት ሰዓት ከሠላሳ አራት ይላል፤ ወዲያው ዘንጉ ተፈቷል ይላል። እኔ ጻፍኩት፣ ጆሮ ፈረመች። ውሸት አይደለም ብዬ ነበር ያስፈረምኳት። በደንቡ መሠረት ሽቦው ሁለት ጊዜ ሳይታይ የተባለ ‹‹የለም›› እንዳልተባለ ይቆጠራል። ደንቡን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በወሩ ሥራዋን ለቀቀች።

አሁን ስለ ሌላው ማክሰኞ፣ ከዛሬ ሁለት ሳምንት በፊት ስለሆነው። ይህኛውን ለመጻፍ ከቀድሞው በላይ ከብዶኛል።

የተኛው የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ አንተ ነህ? አለኝ። አዎ አልኩት። ለምን ትቆጣለህ? አለኝ። አልተቆጣሁም፣ ፊቴ ነው አልኩት። እንግዲያው ከፊትህ ጋር ተነጋገር አለኝ። እየሳቀ ነው ሰመመኑን የወሰደው።

አራት ተኩል ሲል ወጣቱ የለም አለ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ዘንጉን ማላላት ነው። መፍቻው እጄ ላይ ነው። አንድ፣ ሁለት ብዬ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ አለፈ። ሰባ አለፈ። ወጣቱ ዶክተር፣ ቀኙም ሄደ አለ። ወንበርሽንና ግድግዳሽ ላይ ያለውን ሰዓት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ። መቶ አራት ላይ ስደርስ ተማሪዬ፣ በመጪው ዓመት በእኔ ቦታ የምትተካው ሴት፣ እጇን በእጄ ላይ አድርጋ መፍቻውን ወሰደችና ዘንጉን አላላችው። መስመሮቹ ተመለሱ።

እጃችንን ስንታጠብ ጎን ለጎን ቆመን፣ ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነበር? አለችኝ። ውሃውን አልዘጋሁትም፤ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ልጁ ሲነቃ ከግራ አውራ ጣቱ በቀር ጣቶቹን ሁሉ አንቀሳቀሰ። አውራ ጣቱ በማግስቱ መጣ። እስኪመጣ ድረስ አልጋው ጎን ተቀምጬ ነበር። ከፊትህ ጋር ታረቃችሁ? ብሎ ጠየቀኝ።

በአራተኛው ቀን ሦስተኛው ደብዳቤሽ ደረሰ። ሁለቱም እግሮቿ መጡ፣ ጠረጴዛውን ይዛ ተነሣች፣ አልደገፍኳትም ትያለሽ። ‹‹ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፤ አላውቅም ነበር›› ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያ ወደቀች። በመጨረሻም ትንሽ ረዘም ብሎ እንዲቆይላት አንተም ጸልይልን አልሽኝ።

ምን እንደምጸልይ አየሽ? ያ ጸሎት ምን እንደሚያስከፍል እኔ አይቼዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ አውራ ጣት ነው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ በልጅ ጀርባ ላይ እጄን አላሳረፍኩም። ልጆቹን ሁሉ ወደ ከሰዓት አዛውሬ ለተማሪዬ ሰጥቻታለሁ፤ በረፋዱ ጠረጴዛው ባዶ ነው የሚውለው። ከሰዓት ምንም አይሆኑም፣ መስመሮቹ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጅሽ እግር አልመጣም። ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። ሰዓቱን እያየሽ እንደምትቀመጪም አውቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጆሮን ፈልጌ ሄድኩ። የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ አላት፣ ጠባብ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች የተደረደሩበት። ጀርባዋን ሰጥታ ትሠራ ነበር። ሳትዞር፣ ዶክተር፣ ግራ እግርዎን ይጎትታሉ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት አይታኝ አታውቅም። ሱቄ ከሆስፒታሉ ሦስት መንገድ ነው የሚርቀው፣ እግርዎ እንዲህ ሳይጎተት ቀድመው አይመጡም ነበር? አለችኝ። ሰደበችኝ ማለት ነው፤ ይገባኛል።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አራት ተኩል፣ ስለ ልጅሽ፣ ስለ ጫማው። አልተገረመችም። ከመሳቢያዋ የቆርቆሮ ሣጥን አውጥታ፣ ከመሣሪያው የተቀደደ ረጅም ወረቀት ዘረጋችልኝ። የዚያን ቀን ወረቀት ነው። በአራት ሰዓት ከሠላሳ የግራው መስመር ይተኛል። ከዚያ አራት ደቂቃ ባዶ። እግር የለም ያልኩት እዚህ ጋ ነው፣ ይኸው አለች በጥፍሯ እያሳየች፤ ያ ቃል ገና መልስ አላገኘም፣ ዶክተር፣ ለዚህ ነው እየተመላለሰ የሚጠይቅዎት።

ሐሙስ መጥተሽ መሣሪያው ላይ ትቀመጫለሽ? አልኳት። እግር ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? አለችኝ። ተማሪዬ አልኳት። እርስዎስ? አለች። እኔ የዚያን ቀን መናገር አልችልም አልኳት። የያዘችውን መፍቻ አስቀምጣ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ፤ እግሬ ላይ ቆየች። የለም ያልኩ እንደሆነስ? አለችኝ። ደንቡ ግድግዳው ላይ አለ፣ አልተነሣም፣ ሽቦዎቹን ሁለት ጊዜ ታያለሽ፣ አትቸኩይ አልኳት። አንዱ ሬዲዮ ይንሾካሾክ ነበር፤ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ክፉ ሰው ነዎት፣ ይህን ሁለቴ በእኔ ያደርጋሉ! አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ እየሰጠችኝ፣ ስንት ሰዓት ልምጣ? አለች።

በዚህ ሐሙስ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው ልጅ አይደለም። በልጆች ክፍል አዋቂ አይታከምም የሚለውንም ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለአንድ ቀን አነሣሁት። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ጀርባው የምር ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ሲያዘገየው የኖረ ሰው ነው። ሊመጣ የሚችለው ሁሉ ተነግሮታል፤ ከነገሩት በላይ ያውቀዋል። ምንም ቢሆን ቀዳጇም ሆነች መሣሪያው ላይ ያለችው ሴት አይጠየቁም፣ በደንቤ መሠረት ነው የሠሩት ብሎ በእጁ ጽፎ ፈርሟል። ፊደሉን ብታይው አርጩሜ ታነሺ ነበር።

ይቅር በይኝ ለማለት አልጻፍኩልሽም። ይቅርታ አንደበት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የእኔ አንደበት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ምን እንዳለሽ አይተሻል። የጆሮን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ዋናው ነው፣ ግልባጭ አይደለም። ለማን እንደምታሳዪው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለልጅሽ ግን መጀመሪያ።

ሐሙስ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከአጠገቧ አትራቂ። ምንጣፉን አንሺው፣ ያደናቅፋል። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አስጠጊው። አራት ተኩል ሲል በቀኝ በኩል ቁሚ፤ ግራው ነው ቀድሞ የሚመጣው፣ ቀኙ ይከተላል። አራት ደቂቃ አላችሁ፣ በትንሹ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። እስከ ዛሬ እየተመለሰ የሄደው ዘንጉን የሚያላላ እጅ ቶሎ ስለሚደርስ ይመስለኛል። ሐሙስ ቶሎ አይደርስም።

በራፉ ላይ ያሠራሽላትን የእንጨት መወጣጫ ደግሞ፣ ብትቆምም እንኳ፣ ደስ አለኝ ብለሽ እንዳታስፈርሺው። ሊጠይቃችሁ የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ደረጃ የማይሆንለት።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እታለም። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ልጅሽን ፀሐይ ላይ ቆማ ለማየት ያብቃሽ። ከእኔ በቀር ማንም አያስለቅሳችሁ፤ እኔም ከእንግዲህ አላስለቅሳችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚህ ሐሙስ የሚመጣላት አይጠባትም። እንዲያውም ይሰፋታል፤ እንዳትደነግጥ ቀድመሽ ንገሪያት። ስትራመድ ብታሳቅሽ ሳቂ፣ እኔ አልቀየምም። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቂላት። ታድግበታለች።

ታናሽ ወንድምሽ